ለደጋው ጤና ጣቢያ ሠራተኛ ማግኘት፦ ምልመላ፣ ሥልጠናና ቆይታ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ

ለጤና ጣቢያና ለጤና ኬላ ሠራተኛ የማግኘት ጉዳይ ሦስት ክፍል አለው፤ ምልመላ፣ ሥልጠናና ቆይታ። ምልመላ ለሥራው ማን እንደሚመረጥ ይወስናል። ሥልጠና የተመረጠውን ሰው ለሥራው ያበቃል። ቆይታ ደግሞ የሠለጠነው ሰው በተመደበበት ቦታ ረግቶ የሚሠራበትን ሁኔታ ይመለከታል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በፖሊሲ፣ በአዋጅና በመመሪያ ተዘርዝረዋል፤ ሦስተኛው ግን በአብዛኛው ለወረዳ በጀት አቅምና ለሠራተኛው ትዕግሥት ተትቷል። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የሚታየው የጤና አገልግሎት ጥንካሬም ሆነ ድክመት የሚመነጨው በአመዛኙ ከዚህ አለመመጣጠን ነው።

መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ በአማራ ክልል የሰሜን ሸዋ ዞን አካል ናቸው። መንዝ ዛሬ በጌራ ምድር፣ በማማ ምድር፣ በላሎ ምድርና በቀያ ገብርኤል ወረዳዎች ተከፍሏል። የግሼ ወረዳ መቀመጫ ራቤል፣ የመርሐቤቴ ደግሞ ዓለም ከተማ ነው። ወደ መንዝ የሚወስደው መንገድ ከጣርማ በር ተገንጥሎ በመዘዞና በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ ይደርሳል። ወደ መርሐቤቴ የሚሄደው ከሙከ ጡሪ ተነሥቶ በለሚ በኩል ቁልቁል ይወርድና የጀማን ወንዝ ተሻግሮ ዓለም ከተማ ይወጣል። የመንዝ አምባ ከፍታው በብዙ ቦታ 3,000 ሜትር ስለሚደርስና ስለሚያልፍ ብርዱ ብርቱ ነው፤ ከአምባው ጫፍ ወደ ጀማና ወደ ወንጪት ሸለቆ ሲወረድ ግን አገሩ ቆላ ይሆናል።

ይህ አቀማመጥ የጤና ሥራውን በሁለት መንገድ ያከብደዋል። አንደኛ፣ በአንድ ወረዳ ውስጥ የደጋና የቆላ በሽታ ጎን ለጎን ይገኛሉ። በብርዱ አገር ሰው ልብስ ደራርቦና ተጠጋግቶ ይተኛል፤ ውኃው ሲርቅ ልብስ ቶሎ ቶሎ አይታጠብም፤ ቅማል ሲራባ ተስቦና ግርሻ መንገድ ያገኛሉ። በሸለቆው ወባ አለ። ስለዚህ ደጋ ላይ የልብስና የገላ ንጽሕና የሚያስተምር፣ ቆላ ወርዶ የአጎበር አጠቃቀም የሚያሳይ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ርቀት ነው። ጎጆው በየጉብታው ተበታትኗል፤ ክረምት ሲገባ ወንዝ ይሞላል፤ ምጥ የጠናባትን ሴት ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው መኪና እስከሚገባበት ድረስ ያወጧታል። በእንዲህ ያለ ቦታ ከሆስፒታሉ ትልቅነት ይልቅ በቅርብ የሚገኝ የሠለጠነ ሰው ዋጋ አለው።

ለዚህ የተዘረጋው መዋቅር የመጀመሪያ ደረጃ የጤና ክብካቤ ይባላል። ከታች ጤና ኬላ አለ፤ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ለሚኖርበት አንድ ቀበሌ የሚያገለግል ነው። አምስት ያህል ጤና ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይታቀፋሉ፤ የገጠር ጤና ጣቢያ በመመዘኛው መሠረት 25,000 ሰው ያገለግላል። ከዚያ በላይ ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይገኛል። በአካባቢው መሐል ሜዳ ሆስፒታል አለ፤ በዓለም ከተማ ደግሞ ካርልሃይንዝ በም በመሠረተው የሰዎች ለሰዎች ድርጅት እርዳታ የተሠራው እናት ሆስፒታል ያገለግላል። ከእነዚህ አቅም በላይ የሆነ ሕመምተኛ ወደ ደብረ ብርሃን ይላካል።

የዚህ መዋቅር የሰው ኃይል አሁን የያዘውን መልክ ከመያዙ በፊት ሁለት ሙከራዎች አልፈዋል። የመጀመሪያው የጎንደር ነው። በደንቢያ ሜዳ ብዙ ሰው የፈጀ የወባ ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የልማት እርዳታ ከመንግሥት ጋር ተባብረው አቋቋሙት። ኮሌጁ ያሠለጠነው ሐኪም አልነበረም፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነበር። ሦስቱ በቡድን ሆነው በጤና ጣቢያ እንዲሠሩ ታስቦ፣ ገና በትምህርት ላይ እያሉ በቡድን ወደ ጠቅላይ ግዛት ከተሞች ይላኩ ነበር። በጊዜው የገጠሩን ሕክምና በአብዛኛው ይሸከም የነበረው ድሬሰር የሚባለው መለስተኛ ሕክምና የሚሰጥ ሠራተኛ ነው፤ የጎንደር ምሩቅ ከድሬሰሩ የሚለየው ማከምን ከመከላከል ጋር አጣምሮ በመማሩ ነው። የጤና መኮንን ሥልጠና በደርግ ዘመን ተቋርጦ ቆይቶ በ1980ዎቹ ዓመታት ተመልሷል።

ሁለተኛው ሙከራ የደርግ ዘመን የማኅበረሰብ ጤና ወኪሎች ሥልጠና ነው። በ1971 ዓ.ም. መባቻ በአልማ አታ የተሰበሰቡ መንግሥታት ለሁሉም ጤናን በመጀመሪያ ደረጃ ክብካቤ ለማዳረስ ተስማሙ፤ ኢትዮጵያም ከየገበሬ ማኅበሩ ሰው እየመረጠች ለሦስት ወር ያህል አሠለጠነች። የልምድ አዋላጆችም ሥልጠና ተሰጣቸው። አሳቡ መልካም ነበር፤ ወኪሉ ከመንደሩ የወጣና መንደሩ የሚያውቀው ነው። ሆኖም ደመወዝ ከመንግሥት አልተቆረጠለትም፤ ድጋፉ ከገበሬ ማኅበሩ እንዲመጣ ተጠበቀ። ማኅበሩ መክፈል ሲያቅተው ወኪሉ ወደ እርሻው ተመለሰ፤ የመድኃኒት ሳጥኑም ባዶ ቀረ። ከዚህ ሙከራ የተገኘው ትምህርት ለኋላው አሠራር መሠረት ሆነ፦ ሠራተኛው የመንደሩ ሰው ይሁን፣ ደመወዙ ግን የመንግሥት ይሁን።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የሽግግር መንግሥቱ የጤና ፖሊሲ ትኩረቱን ከማከም ወደ መከላከል አዞረ፤ አስተዳደሩን ወደ ክልልና ወደ ወረዳ አወረደ፤ መካከለኛ ባለሙያ በብዛት እንዲሠለጥንም አዘዘ። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው እያደገ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ደነገገ፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ የአገሪቱ አቅም እስከፈቀደ ድረስ ዜጋው ሁሉ የጤና አገልግሎት እንዲያገኝ የሚያደርግ ፖሊሲ እንዲኖር አዘዘ። በዚህ ላይ በ1995 ዓ.ም. የሠለጠኑ ሴቶችን በየቀበሌው ጤና ኬላ በደመወዝ የሚመድበው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። ፕሮግራሙ የቆመው በዋናነት በፖሊሲና በአፈጻጸም መመሪያ ነው። ይህም በፍጥነት ለመስፋፋት ረድቶታል፤ በ2002 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች ተሰማርተው ነበር። መመሪያ ግን እንደ አዋጅ የበጀትና የመብት ዋስትና አይሰጥም።

ፕሮግራሙ ሲጀመር የጤና ኬላ ሠራተኛ የምልመላ መስፈርት ጥቂትና ግልጽ ነበር። ተመራጯ ሴት፣ ዕድሜዋ 18 የሞላ፣ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቀች፣ የአካባቢውን ቋንቋ የምትናገርና የቀበሌው ነዋሪ መሆን ነበረባት። ምርጫውን የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ብቻውን አያደርገውም፤ የትምህርት፣ የሴቶች ጉዳይና የቀበሌ ተወካዮች ይሳተፉበታል። ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሠራተኛ ይመደባል። ሴት መሆኗ የተፈለገው የሥራው ትልቁ ክፍል የእናቶችና የሕፃናት ጉዳይ በመሆኑ ነው፤ ባል በእርሻ ላይ በዋለበት ሰዓት እቤት ገብታ ስለ ወሊድ መከላከያና ስለ እርግዝና መነጋገር ለሴት ይቀላል። የቀበሌው ልጅ መሆኗ ደግሞ ሁለት ጥቅም አለው፤ የትኛው ጎጥ በየትኛው ገደል በኩል እንደሚደረስ ታውቃለች፣ ሰዉም የማን ልጅ መሆኗን ያውቃል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚለው አባባል እዚህ ላይ የምልመላ መመሪያ ሆኗል።

ሥልጠናው በመጀመሪያ አንድ ዓመት ይወስድ ነበር። ንድፈ ሐሳቡ በኮሌጅ ይሰጣል፤ አብዛኛው ጊዜ ግን በጤና ጣቢያና በቀበሌ በተግባር ልምምድ ያልፋል። ትምህርቱ በመጀመሪያ 16 ፓኬጆች ነበሩት፤ እነሱም የግልና የአካባቢ ንጽሕናን፣ የበሽታ መከላከልን፣ የቤተሰብ ጤናንና የጤና ትምህርትን ይሸፍናሉ። የመጸዳጃ ቤት አሠራር፣ ክትባት፣ የወባና የሳንባ ነቀርሳ መከላከል፣ የእርግዝና ክትትል ከነዚህ ይገኙበታል። የሙያ ሥልጠናው የሚመራው በቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጆች፣ በቁጥር 391/1996 በኋላም በቁጥር 954/2008 ነው። በዚህ መሠረት ሠልጣኟ ትምህርቱን መጨረሷ ብቻ አይበቃም፤ ሲኦሲ እየተባለ የሚታወቀውን የብቃት ምዘና ማለፍ አለባት። የሙያ ደረጃ 3 የነበራቸው የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ወደ ደረጃ 4 የሚያድጉበት መንገድም ተከፍቷል። ሥራውም ከጊዜ ጋር ሰፍቷል፤ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበር የወሊድ መከላከያ ማስገባትና የሕፃናትን ሳንባ ምች በጤና ኬላ ማከም በኋላ የተጨመሩ ናቸው።

ሥልጠናው በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል ከጤና ኬላው መዝገብ ይታያል። በመደርደሪያው ላይ ለእያንዳንዱ አባወራ አንድ የቤተሰብ ማኅደር ተቀምጧል። ማኅደሩ መጸዳጃ ቤት መኖሩን፣ የመጠጥ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ቤት ውስጥ ስንት ሕፃን እንዳለ ይይዛል፤ በውስጡም የእያንዳንዱ ሰው የጤና ካርድ አለ። ከጎኑ በወር በወር የተከፋፈለ ሳጥን ይቀመጣል። በጥቅምት ለእርግዝና ክትትል የተቀጠረች ሴት ካርድ በጥቅምት ክፍል ይገባል፤ ስትመጣ ይነሣል። ጥቅምት ሲያልቅ ካርዱ እዚያው ከቀረ ሴትዮዋ አልመጣችም ማለት ነው፤ ሠራተኛዋም ካርዱን ይዛ ወደ ጎጡ ትወጣለች። የክትባት ቀን ሲሆን ክትባቱን በበረዶ በታሸገ መያዣ በትከሻዋ አንግታ ትሄዳለች። ከሥራ ሰዓቷ አብዛኛውን በየቤቱ እንድታሳልፍ መመሪያው ያዛል። የ96 ሰዓት ትምህርት ወስዶ የተማረውን በቤቱ የፈጸመ ቤተሰብ ሞዴል ቤተሰብ ተብሎ ይመረቃል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የተደራጀው የሴቶች ልማት ቡድንና አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ደግሞ ምክሩን ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሲያደርስ ቆይቷል።

ውጤቱ በአገር አቀፍ ደረጃ ተመዝግቧል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። በሠለጠነ ባለሙያ እጅ የተወለዱት ሕፃናት በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 6 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 28፣ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት 50 ሆነዋል። ሁለቱን መሥመሮች ማነጻጸር አንድ ነገር ያሳያል። የሕፃናት ሞት ቀድሞ ቀነሰ፤ ክትባት፣ ንጽሕናና ምክር በጤና ኬላ ሠራተኛ ይሠራሉና። የወሊድ አገልግሎቱ ዘግይቶ ተነሣ፤ እሱ አዋላጅ ነርስ፣ አምቡላንስና ጤና ጣቢያ ይጠይቃል። አምቡላንስ በየወረዳው ከታደለና በጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ከተሠራ በኋላ ለውጡ ፈጠነ። በማቆያው የመውለጃ ቀኗ የቀረበ ሴት ከሩቅ ጎጥ መጥታ ትሰነብታለች፤ የአካባቢው ሰው እህልና ቅቤ ያዋጣል፣ ስትወልድ ገንፎ ይገነፋል።

ስለዚህ ከጤና ኬላው ቀጥሎ ጥያቄው የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ነው። ጤና ጣቢያ ጤና መኮንን፣ ነርስ፣ አዋላጅ ነርስ፣ የላቦራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያ ያስፈልገዋል። ለጤና መኮንኖች እጥረት መልስ እንዲሆን በ1998 ዓ.ም. ገደማ በአምስት ዓመት 5,000 ለማፍራት የታቀደ የተፋጠነ ሥልጠና ተጀመረ፤ ትምህርቱ በዩኒቨርሲቲዎች፣ ልምምዱ በየክልሉ ሆስፒታሎች ተሰጠ። ከዚያም የቀዶ ጥገና ችግርን ለማቃለል ጤና መኮንኖች በሁለተኛ ዲግሪ ሠልጥነው በምጥ የተቸገረችን ሴት በቀዶ ጥገና እንዲያዋልዱ የሚያበቃ ፕሮግራም ተከፈተ፤ እንደ መሐል ሜዳ ላሉ ከተሞች ትልቅ እፎይታ የሚሰጥ ሙያ ነው። በሰሜን ሸዋ የደብረ ብርሃን ጤና ሳይንስ ኮሌጅ መካከለኛ ባለሙያ ያሠለጥናል። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ የጤና ሳይንስ ግቢ አለው። ማሠልጠኛው ለደጋው ወረዳዎች መቅረቡ ራሱን የቻለ ጥቅም ነው፤ ተማሪው ልምምዱን በሚያገለግለው ሕዝብ መካከል ያደርጋል።

የእነዚህ ባለሙያዎች ጥራት በሕግ ይጠበቃል። ደንብ ቁጥር 299/2006 ማንም የጤና ባለሙያ ሳይመዘገብና የሙያ ፈቃድ ሳይኖረው እንዳይሠራ ይከለክላል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከኮሌጅና ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ የጤና ምሩቃን ፈቃድ ለማግኘት ብሔራዊ የብቃት ምዘና ይፈተናሉ። ቅጥሩ ደግሞ በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ይመራል። ቀደም ሲል ይሠራበት የነበረው የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ክፍት መደብ በማስታወቂያ እንዲወጣ፣ ምርጫው በብቃት ውድድር እንዲሆን፣ አዲስ ተቀጣሪ የሙከራ ጊዜ እንዲያሳልፍ ደንግጎ ነበር፤ ክልሉም በዚሁ መንፈስ የወጣ የራሱ አዋጅ አለው።

በዚህ ላይ ሁለት የምልመላ መንገዶች ይለያያሉ። የጤና ኬላ ሠራተኛ ከቀበሌዋ ተመርጣ ወደ ቀበሌዋ ትመለሳለች። የጤና ጣቢያ ባለሙያ ግን ከየትም ተወዳድሮ ይቀጠራል፤ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ የተመደቡት በዕጣ ነው። በዕጣ ወይም በማስታወቂያ ወደ ራቤል የመጣ የከተማ ልጅ አካባቢውን የሚያየው እንደ ማለፊያ ነው፤ የግዴታ አገልግሎት ዓመቱን ሲጨርስ ዝውውር ይጠይቃል። ሁለቱን መንገድ ያገናኘው የሐምሊን የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ነው። በዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመው ይህ ኮሌጅ ሴት ተማሪዎችን ከገጠር ይመለምላል፣ እስከ ዲግሪ ያስተምራል፣ ከክልል ጤና ቢሮዎች ጋር በተደረገ ስምምነት ወደ ወጡበት አካባቢ ጤና ጣቢያዎች ይመልሳቸዋል። ለብቻ ስለማይመደቡ አንዷ ስታርፍ ሌላዋ ትሠራለች። ከፍ ያለ ሙያም ቢሆን ከአካባቢው መልምሎ ለአካባቢው ማሠልጠን እንደሚቻል ይህ ማስረጃ ነው።

ከተቀጠረ በኋላ የሠራተኛው ዕጣ በወረዳው በጀት ላይ ይወድቃል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወረዳ ከክልሉ ጥቅል በጀት ይቀበላል፤ የጤና፣ የትምህርትና የግብርና ሠራተኛ ሁሉ ደመወዝ ከዚያው ይወጣል። ጥቅል በጀቱ አብዛኛው ለደመወዝ ስለሚያልቅ በመዋቅሩ ላይ የተፈቀደ መደብ ሳይሞላ ሊቀር ይችላል። አዋላጅ ነርስ ያስፈልጋል የሚል መመዘኛ ቢኖርም፣ ተመራቂ አዋላጅ ነርስ ሥራ ፈልጋ ብትቀመጥም፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ብር ከሌለ ቅጥሩ አይፈጸምም። የተረኝነት ክፍያና የውሎ አበልም በዚያው ኪስ ይወሰናሉ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በጥቅማጥቅም ጥያቄ ሥራ እስከማቆም መድረሳቸው ጉዳዩ የአንድ ወረዳ ብቻ አለመሆኑን አሳይቷል።

የጤና ኬላ ሠራተኛዋ ችግር ደግሞ ከምርጫዋ ጋር የተያያዘ ነው። ለቀበሌው በመመረጧ ዝውውር ማግኘት ይከብዳታል። በ18 ዓመቷ የገባች ልጅ አግብታ፣ ወልዳ፣ ባሏ ሌላ ከተማ ሥራ ቢያገኝ እንኳ መደቧ እዚያው ነው። የትምህርት ዕድሉ በተራ ስለሚሰጥ ደረጃዋን ለማሳደግ ለዓመታት ትጠብቃለች። ከዚህ በተጨማሪ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር እስከ ሰሜን ሸዋ የዘለቀው ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት የመድኃኒት አቅርቦቱን፣ የሥልጠና ጉዞውንና የጤና ኬላውን ክትትል አክብዶታል።

ሌሎች አገሮች ተመሳሳይ ጥያቄ ሲገጥማቸው ቆይታን በሕግ አስረውታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣችው የአስቸኳይ ጊዜ የጤና ሠራተኞች ሕግ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጓድ አቋቋመች፤ ቀጥሎም የትምህርት ወጪውን መንግሥት የከፈለለት ባለሙያ ሐኪም በሌለበት አካባቢ ለተወሰነ ዓመት እንዲያገለግል አደረገች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ለገጠር የሰው ኃይል ያወጣው ምክር ደግሞ ከያዛቸው ነጥቦች መካከል አራቱ እነዚህ ናቸው፤ ተማሪን ከገጠር መመልመል፣ ትምህርት ቤቱን ከዋና ከተማ ማራቅ፣ ለትምህርት ወጪ በአገልግሎት ማስከፈል፣ እንዲሁም መኖሪያ ቤትና የደረጃ ዕድገት ማመቻቸት። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በተለያየ መጠን ተግብራለች፤ አራተኛው በአመዛኙ ቀርቷል።

ከ2012 እስከ 2027 ዓ.ም. የሚዘልቀው የጤና ኤክስቴንሽን ፍኖተ ካርታ ጤና ኬላዎችን እንደየቦታው በደረጃ ለይቶ፣ በአንዳንዶቹ ነርስና አዋላጅ ነርስ እንዲጨመር ያቅዳል። ዕቅዱ በደጋው እንዲሠራ ሕጉ ሊያሟላቸው የሚገቡ ነጥቦች ከላይ ከተነገረው ይወጣሉ። የመጀመሪያው ለአዋላጅ ነርስና ለጤና መኮንን ሥልጠና ከእያንዳንዱ ወረዳ ተማሪ የሚገባበት ኮታ መወሰን ነው፤ የሐምሊን ኮሌጅ አሠራር ለዚህ አርአያ ይሆናል። ሁለተኛው ለጤና ኬላ ሠራተኛ ከተወሰነ የአገልግሎት ዓመት በኋላ ደረጃ የማሳደግና የመዛወር መብት መስጠት፣ በምትኩም ከዚያው ቀበሌ ቀጣይዋን አስቀድሞ መመልመል ነው። ሦስተኛው በርቀትና በከፍታ የተለካ አበልና በጤና ጣቢያው ግቢ የሠራተኛ መኖሪያ ነው። አራተኛው የጤና ሠራተኛ ደመወዝ በወረዳው ጥቅል በጀት ውስጥ ለብቻው ተለይቶ እንዲያዝ ማድረግ ነው፤ ይህ ካልተደረገ የቀደሙት ሦስቱ በወረቀት ላይ ይቀራሉ፣ የደርግ ዘመን የጤና ወኪሎች ላይ የደረሰውም በሌላ መልክ ይደገማል።